ቀኑ ሊያልፍ ሲል

እናቴ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጨው እንኳ ገዝታ አታውቅም። ባለሱቁ በራፉ ላይ ቆሞ ሲያየን ፊቱን ያዞራል፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እኔን በእጄ እየጎተተች፣ ሰላም ሳትለው ትሄዳለች። ሰፈርተኛው «ይቺ ሴትዮ ምን አግኝታ ነው እንዲህ የምትጀነነው?» ይል ነበር። ምንም አላገኘችም። እሱ ዘንድ ዳቦ ብቻ በሚገዛበት ገንዘብ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ አውቶቡስ ማቆሚያውን አልፎ፣ ከጋራዦቹ መሃል ካለው ትልቁ ቅናሽ ቤት ዳቦውም ወተቱም ይገኛል። እግር ደግሞ በነጻ ነው። «እግሬን ማን ያስከፍለኛል?» ትል ነበር። በኋላ ጫማዋ ተረከዙ ጋ ሲበሳ ማን እንዳስከፈላት አየን።

ቅናሽ ቤት ያልነው እኛ ነን። በሩ ላይ በትልልቁ የተጻፈ ስም ነበረው፤ እናቴ ማንበብ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ስለዚህ ምን እንደሚል ዛሬም አልነግራችሁም። ውስጡን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እዞረዋለሁ። ዕቃው እንደ ሌላው ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተሽሞንሙኖ አይቀመጥም፤ ካርቶኑ ሆዱ ተቀዶ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ጠርዙ የተጨረመተ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ ከረጢቱ የተቀደደ ሩዝ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ብስኩት። ጣሪያው ላይ ያለው ነጭ መብራት እንደ ዝንብ ዝዝዝ ይላል። ቤቱ እርጥብ ካርቶንና የፈሰሰ ወተት ይሸታል። ከወደ ኋላ ከወፍራም ላስቲክ የተሠራ መጋረጃ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደንበኛ አይገባም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከዚያ መጋረጃ ውስጥ አንድ ሽርጥ ያገለደመ ሰውዬ ይወጣል። እጁ ላይ እንደ ሽጉጥ የምትያዝ ዋጋ መለጠፊያ አለች፤ ቀጭ ባደረጋት ቁጥር ቢጫ ወረቀት ትተፋለች። ቢጫ የተለጠፈበት ዕቃ ዋጋው በግማሽ ወረደ ማለት ነው። የሚገበያዩት ሴቶች ስሙን ጠይቀውት አያውቁም፤ «ለጥፌ» ብለው አወጡለት። እኔ ልጅ ስለሆንኩ «ጋሽ ለጥፌ» እለዋለሁ። ብቅ ሲል ከየጥጉ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ይከቡታል።

«ለጥፌ፣ እዚች እርጎ ላይ ጣል አድርግባት እንጂ!»

«እሷ ነገ ናት። ቀኗ አልደረሰም።»

«ነገማ እኔም አልደርስ!»

«ይሄን ቅቤ እየው፣ ላብ በላብ ሆኖ። እስከ ነገ የሚቆይ ይመስልሃል?»

«አትጋፊ፣ እትዬ! ክርንሽን ከጎኔ አውጪልኝ!»

የኔ ሥራ ሰልፍ መያዝ ነበር። እናቴ ቢጫውን ስታሳድድ ቆይታ ከሰልፉ ጫፍ ብትቆም፣ ተራዋ ሳይደርስ ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ ገና ከበሩ እንደገባን እኔ ሮጬ ካሸሯ ፊት እሰለፋለሁ፤ ባዶ እጄን። ከኋላዬ ያለው ሰው «አንቺ ምን ገዝተሽ ነው?» ሲለኝ «እናቴ እየመጣች ነው» እላለሁ፤ ካልለቀቀኝም እግሩን እረግጠዋለሁ። ትምህርት ቤት የምገባበት ዓመት ነበር። «ከሰዓት በኋላ ማን ይሰለፍልኛል?» አለች እናቴ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። አላፍርበትም። የተማሩትም ሲሰለፉ አይቻለሁ።

ፊደሌ ሁለት ቃል ናት፤ እሷንም በጆሮ የያዝኩት እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። «ሊያልፍ ነው» ከተባለ ቢጫ ይለጠፍበታል፤ ቶሎ ማንሳት ነው። «አለፈ» ከተባለ ግን ቀኑ ሄዷል፣ አይሸጥም፤ ጋሽ ለጥፌ ሳጥን ውስጥ ከቶ በላስቲኩ መጋረጃ ያስገባዋል። የማያውቅ ሰው አበቃለት ይላል። እናቴ ግን የጓሮውን በር ታውቃለች። ሲዘጋጋ እዚያ ሄዶ አፉን ዘግቶ ለሚቆም ሰው፣ የቆሻሻው መኪና ሳይመጣ፣ ከሳጥኑ አንድ ነገር ይወረወርለታል። መኪናው ከቀደመ የለም።

ያን ጊዜ ጋሽ ለጥፌ የቤቱ ጌታ ይመስለኝ ነበር፤ ለፈለገው የሚሰጥ፣ የፈለገውን የሚነሳ። ኋላ ነው የገባኝ፤ የወረወራት እያንዳንዷ ዳቦ ከሥራ የምታስባርረው ነበረች።

«እማዬ፣ ይሄ ያለፈ አይደል እንዴ?» ስላት እናቴ የእርጎውን ክዳን ገልጣ ጣቷን ትነክራለች። «ያለፈው ወረቀቱ ነው፤ እርጎው ምን በወጣው? እንኪ ቅመሺ። ምላስሽ ይንገርሽ።» እቀምሳለሁ። እውነትም ደህና ነው።

ሰልፉ ላይ አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ወፍራም፣ ሳቋ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ። አንድ ቀን ካሸሯ «ይሄ አልፎበታል፣ አልሸጥልሽም» ብላ ወተት ስትቀማት፣ «አዬ ልጄ» አለቻት፣ «የኔ ባል ካለፈበት ስንት ዘመኑ! ይኸው እስከ ዛሬ እየተገለገልኩበት ነው!» ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ እንኳ አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች፤ በዚያ ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ አልሳቅኩም። ነገሩን በቁም ነገር ይዤ አስቀመጥኩት።

አባዬ ሆስፒታል ነበር። ብየዳ ነበር ሥራው፤ ያ ሁሉ ጭስ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሲተነፍስ እንደ ተበሳ ጎማ ያፏጫል። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ የለም፤ ውጪ ካለው መድኃኒት ቤት እየተገዛ ነው የሚገባለት። ሐኪሙ እናቴን ኮሪደር ላይ አቁሞ «ካቋረጣችሁ አይሆንም። ካቋረጣችሁ እኔ ምንም ላደርግለት አልችልም» ሲላት ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ። ከዳቦው የተረፈው፣ ከወተቱ የተረፈው ሁሉ ወደዚያ መድኃኒት ቤት ነበር የሚሄደው። እናቴ ቢጫ ወረቀት የምታሳድደው ለሆዳችን አልነበረም። ለእሱ ትንፋሽ ነበር።

እኔ ያኔ ይሄን አላውቅም ነበር። የማውቀው ቤት ስንገባ ዳቦውን ለኔ ቆርሳ «እኔ እዚያው ስቀምስ ጠግቤያለሁ» እንደምትል ነው። ይቆጨኝ ነበር። እኔን ሰልፍ ላይ ገትራ እሷ በየካርቶኑ እየዞረች ጥሩ ጥሩውን የምትበላ ነበር የሚመስለኝ። እርጎ የነካች ጣት ምን ያህል ታጠግባለች? ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ከወገቧ ሰብስባ ስትይዘው አያለሁ፤ ፋሽን ነው ብዬ የኔንም እንድትሰበስብልኝ ለመንኳት።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤቱ ይዛኝ ገባች። ባለመድኃኒቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዋጋውን ነገራት። እናቴ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት፣ «ሊያልፍ ያለ የለዎትም?» አለችው።

«ምን?»

«ቀኑ የቀረበ። ነገ የሚያልፍ። እኛ ዛሬውኑ ነው የምናውጠው።»

ሰውዬው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። «እትዬ፣ ይሄ ወተት አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ ወተት አለመሆኑን!» አለች እናቴ፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም። ከዚያ ዝቅ አድርጋ፣ «እስቲ ኋላ ይመልከቱልኝ። ኋላ ሳይኖር አይቀርም።»

ልቤ በኩራት አበጠ። እናቴ የማታውቀው ጓሮ የለም አልኩ። ልመና መሆኑ አልገባኝም፤ ሰውዬውም ኋላ ሄዶ አላየላትም።

ሆስፒታል ይዛኝ የሄደች ዕለት ቦታውን ወዲያው አወቅኩት። ያው መብራት፣ ያው ዝዝዝ፣ ያው ብርድ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያው የላስቲክ መጋረጃ፤ ባለጎማ አልጋ እየገፉ በዚያ ያስገባሉ። የቅናሽ ቤት ወንድም ነው አልኩ በሆዴ።

«መጣሽ፣ የኔ ገንዘብ ያዥ?» አለኝ አባዬ። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። «ዛሬ ምን ረከሰ?»

«እርጎ። ሩዝም ረክሷል፣ ግን ከረጢቱ ተቀዷል።»

«ጎሽ። እናትሽንም ጠብቂያት፣ በርካሽ እንዳይሸጧት።»

«እሷ ላይ ቢጫ አልተለጠፈባትም!»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳሉ ቀደመው። እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ነው ያየሁት፤ አንጓው ላይ ወረቀት ታስሮበታል፣ ተጽፎበታል።

ስንወጣ «እማዬ፣ አባዬ እጅ ላይ ምንድነው የተጻፈው?» አልኳት።

«ስሙ ነው።»

«ቀንስ?»

«ቀንም አለው» አለች፤ ልቧ ከኔ ጋር አልነበረም።

የገባበት ቀን ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እኔ ግን ዕቃ ላይ ካለው ቀን ሌላ ቀን አላውቅም ነበር።

ሳይቆይ ሰልፍ ላይ ሳለሁ ሽንቴ መጣ። አጣቢዋን «እትዬ፣ ተራዬን ይያዙልኝ» ብዬ፣ ቦታ ስፈልግ በላስቲኩ መጋረጃ ሾለክኩ። ጋሽ ለጥፌ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሏል። ያለፈበትን እርጎ እያነሳ፣ አሮጌውን ወረቀት በጥፍሩ ልጦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ፣ አዲስ ይለጥፍበታል። ራሱ ላይ አንድ ክራባታም ቆሞ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ይለዋል። ክራባታሙ ሲወጣ ጠጋ አልኩ።

«ጋሽ ለጥፌ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ደነገጠ። እኔን አየ፣ መጋረጃውን አየ፤ ከዚያ እንደ መሳቅ አለ፣ ሳቅ ግን አልነበረም። «ዕድሜ እየቀጠልኩለት ነው» አለኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልተናገርኩም። ያለፈን የሚመልስ ሰው አለ! ሽንቴን ረስቼ ወደ ሰልፌ ተመለስኩ።

ማጭበርበር ነበር። ክራባታሙ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ያለፈበትን አዲስ አስመስሎ በሙሉ ዋጋ መልሶ ለኛው ለድሆቹ ይሸጥልን ነበር። ጋሽ ለጥፌ እምቢ ቢል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል። ዳቦ የሚወረውረው ምናልባት ያ ነገር ሆዱን እየቆረጠው ይሆናል። እኔ ግን ያየሁት መልአክ ነበር፤ ሽርጥ ያገለደመ መልአክ።

ከዚያ ያቺ ቀን መጣች። እናቴ በጠዋት ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ትታኛለች። ከሰዓት ተመልሳ ወደ ቅናሽ ቤት ልትወስደኝ ነው። ከሰዓት ሆነ፤ የለችም። ጥላው ደጃፉን ለቆ ግቢውን ያዘ፤ የለችም። ጋሽ ለጥፌ ሊወጣ ነው፣ ሰልፉ ሊሞላ ነው፣ እኔ ከመሬት የልብስ ቁልፍ እለቅማለሁ።

አክስቴ ገባች፤ የአባዬ እህት። እኔን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች።

«አልፏል።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። «እኔን! መቼ?»

«ጠዋት። እሷ እዚያው ናት፣ ከአጠገቡ አልነቃነቅ ብላለች።»

«አለቀሰች?»

«ኧረ ትንፍሽ አላለችም። ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«እሷ ደግሞ ምን ይገባታል።»

ምን ይገባታል! ከነሱ በላይ ነው የገባኝ።

አልደነገጥኩም። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ቀኑ እስኪያልፍ ምን ሲሠሩ ነበር? እናቴ የእርጎ ቀን እንዲያ ስታሳድድ የአባዬን እንዴት ትረሳለች? ከዚያ አሰብኩ። ጠዋት ነው ያለፈው፣ ገና ነው። የአጣቢዋ ባል ስንት ዘመኑ! የፈራሁት ሌላ ነው። ያለፈ ነገር በላስቲኩ መጋረጃ ይገባል፣ በጓሮ ይወጣል፣ መኪና ይመጣል። እናቴ አልነቃነቅ ያለችው ለዚያ ነው፤ ተራ ይዛ ነው። ግን እሷ ተራ ከያዘች ወረቀቱን ማን ያመጣላታል?

ቁልፎቹን በትኜ ወጣሁ። ድልድዩ ላይ አንድ ጫማዬ ወለቀ፤ አልተመለስኩለትም። ጋራዦቹ ጋ ብየዳ እየበየዱ ነው፤ «አትዪው፣ ዓይንሽን ያጠፋል» ይለኝ ነበር አባዬ፤ ፊቴን በክንዴ ከልዬ ሮጥኩ። ሴቶቹ ጋሽ ለጥፌን እንደ ወትሮው ከበውታል። በእግራቸው መሃል ሾልኬ ሽርጡን ጨበጥኩ።

«ጋሽ ለጥፌ፣ መለጠፊያዎን ይዘው ይምጡ! ቶሎ!»

«ምን ሆነሻል? እናትሽስ?»

«ሆስፒታል ናት። አባዬ አለፈ።»

አጣቢዋ ቅርጫቷን አስቀመጠች። «እኔ ልደፋልሽ፣ ልጄ» ብላ ልታቅፈኝ እጇን ስትዘረጋ ገፋኋት። የማቀፍ ጊዜ አልነበረም።

«ጠዋት ነው ያለፈው፣ ገና ነው! እጁ ላይ የታሰረውን ወረቀት ይላጡትና አዲስ ይለጥፉለት። ለእርጎው እንዳደረጉት ዕድሜ ይቀጥሉለት። መኪናው ሳይመጣ። በእናትዎ!»

«የምን ዕድሜ መቀጠል ነው?» አለች አንዷ ሴትዮ። «የምን ወረቀት ነው የሚላጠው?»

ክራባታሙ ከካሸሯ ጀርባ ብድግ አለ። «ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም! አንተ፣ ሥራህን ሥራ!»

ጋሽ ለጥፌ መለጠፊያዋን እርጎዎቹ ላይ አስቀመጣት። ሽርጡን ፈታና ከጎኗ ጣለው። «ነይ» አለኝ።

«የት ልትሄድ ነው? ከወጣህ እንዳትመለስ!»

ዞሮ አላየውም። በማግስቱ ቢጫውን ይዞ የወጣው ሌላ ሰው ነበር አሉ።

በሩ ላይ አልሄድም ብዬ ቆምኩ። «መለጠፊያዋን ረሷት እኮ!»

«አትሠራም፣ ልጄ።»

«ለእርጎ ትሠራ የለም እንዴ!»

«ለእርጎም አትሠራም» አለ።

አላመንኩትም። መንገዱን ሁሉ ለመንኩት። ለእርስዎም እሰለፍልዎታለሁ አልኩት፤ ሁልጊዜ፣ እስካረጅ። ዳቦ አይወርውሩልን፣ እሱ ይቅርብን አልኩት። አባዬ ከዳነ የቤትዎን በር በነጻ ይበይድልዎታል አልኩት። እጄን እንደያዘ ይሄዳል፤ አውራ ጣቱ ላይ የደረቀው ሙጫ ቆዳዬን ይይዘኛል። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑ ቀልቷል። ንፉግ! አልኩ በሆዴ፤ አንዲት ወረቀት ሰስቶ ነው።

ሆስፒታል የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር። ወደ ቤት መለሰኝ።

በራችን ተከፍቷል፤ ሰው ቆሟል። እናቴ ከሆስፒታል ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የአባዬን ልብስ በፌስታል ጭኗ ላይ ይዛለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። አክስቴ «የት ጠፍተሽ ነው አንቺ!» ብላ ክንዴን ጨመደደችኝ።

ጋሽ ለጥፌ ከደጃፉ አላለፈም። «እመቤት» አለ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅቷ የእጁን ወረቀት እንድቀይርለት ነው የመጣችው። አለፈ ሲሉ ሰምታ...»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እምቢ አሉ» አልኳት። «እማዬ፣ አንቺ ለምኛቸው። አንቺን ይሰሙሻል። ገና ጠዋት ነው እኮ ያለፈው!»

አክስቴ ፈጠን ብላ ክንዴን ለቀቀችና ጎንበስ አለችልኝ። «አባትሽ አርፏል፣ የኔ ቆንጆ። ደክሞት ነበር፤ አሁን አርፏል።»

«ካረፈማ ይነሳል» አልኳት።

ለቅሶ ቤት ገብቼ «ሞተ» ስል ዛሬም የሚያኮርፉኝ አሉ። አፏ አይለዝብም ይላሉ። ያኩርፉ። የለዘበ ቃል አንዲት ልጅ በአንድ ጫማ ስንት መንገድ እንደሚያስሮጥ እኔ አውቃለሁ።

እናቴ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ እጇ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ።

«አላለፈም» አለችኝ። «አላረፈም። ሞቷል። አባትሽ ሞቷል።»

እናቴ ፊቴን እንደያዘች ቀና አለች። ዓይኗ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ ዞረና አክስቴ ላይ ቆመ።

«ሞቷል እንዴ?» አለቻት።